ቀድሞ የሚበላው በርጩማ

ባለፈው ቅዳሜ ከኦሎምፒያ የተሳፈርኩበት ታክሲ ካዛንቺስ ሲደርስ ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ብሎ ጠየቀ፤ መውረጃዬ ሳይሆን "አለ" ብዬ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አዲሱ የእግረኛ መንገድ፣ አዲሶቹ የመብራት ምሰሶዎች፣ ገና ሥር ያልሰደደው ሣር፣ ሁሉም ታጥቦ ጸጥ ብሏል። የእኛ ግቢ የነበረበትን ቦታ ለመለየት ምልክት ፈለግኩ፤ የቀረ ነገር ቢኖር መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ መሬቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ነው፤ ያን ሁሉ ቤት የጠራረገው ማሽን ያችን ቁልቁለት ረስቷታል። እዚያ የተተከሉት አግዳሚ ወንበሮች ውሃ ጠጥተው ጠቁረዋል፤ በአንደኛው ጫፍ ላይ ግን የአንድ ሰው መቀመጫ የሚያህል ደረቅ ቦታ አለ። አሁን ተነሥቶ የሄደ ሰው ካለ ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም። ያኔ ነው የሸተተኝ፤ እሳት የነካው ማር፣ ከማሩ ሥር ነጭ ሽንኩርትና ቀረፋ፣ ከእነሱም ሥር ከሰል ላይ የሚንጠባጠብ ስብ።

በአካባቢው ምግብ ቤት ቀርቶ ግድግዳ የለም። ሣሩን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ፕላስቲክ ለብሰው ቆመዋል፤ ወደ እሳቸው ሄጄ "አባቴ፣ ምን እየተጠበሰ ነው?" አልኳቸው። አፍንጫቸውን ወደ ላይ አድርገው አሸተቱልኝ። "ምንም የለም፣ የኔ ልጅ። መሬት ነው። ዝናብ ሲመታው ይሸታል" አሉኝ። ሰው ደግ ሆኖ ሲዋሽ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን አልዋሹም፤ በእርግጥ አልሸተታቸውም። እኔ ግን ይህን ሽታ ከእናቴ የሻሽ ሽታ እኩል አውቀዋለሁ። በዚህ ቦታ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ይህን ሽታ የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከሞተ ብዙ ክረምት አልፏል።

ግቢያችን ጣልያን ለሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች አንዱ ነበር። ለአንድ ቤተሰብ የታሰበው ቤት በኮምፔርሳቶ እየተከፈለ፣ አንዱ ሳሎን ሁለት መኝታ ቤት፣ አንዱ ኮሪደር አንድ ወጥ ቤት እየሆነ፣ እኛ ስናነጥስ ጎረቤት "ይማርሽ" የሚለን ዓይነት ቤት ሆኗል። ከኋላ በኩል ሰርቪሶቹ ተደርድረዋል፤ ከእነሱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ነፋስ ባይኖርም የሚያንሾካሹክ ትልቅ የሸውሸዌ ዛፍ ነበረ። የግቢው አዛውንት እማማ ድንቄ ነበሩ፤ በፊት ለፊቱ ክፍል የሚኖሩ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ጾም የማያጎድሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሴት። ስለዚህ እማማ ድንቄ በጣም ቀስ ብለው ሲናገሩ ሁላችንም እንሸሽ ነበር።

ከሰርቪሶቹ በመጨረሻው የምትኖረው እትዬ ወርቄ ናት። አንድ ቀን፣ እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ቻይናዊ ይዛ መጣች። የሚሠራው ከሚነሡት ፎቆች በአንዱ ላይ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ነበር። ስሙ ቻን ነው። ቻን ብሎ መጥራት ለግቢው ሴቶች ሰውን በግማሽ እንደ መጥራት ስለሆነባቸው በሳምንቱ ቻላቸው አሉት፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ጋሽ ቻላቸው አልነው። መንገድ ላይ የሰፈር ልጆች "ቻይና! ቻይና!" ሲሉት እሱም ቆም ብሎ፣ እጁን አፉ ላይ እንደ ጡሩምባ አድርጎ፣ "አበሻ! አበሻ!" ብሎ ይመልስላቸዋል። እድርም ገባ። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ከሁሉም ቀድሞ ከሁሉም ጥግ ይቀመጣል፤ ተነሥ ካልተባለ ደግሞ መነሣት ያፍር ነበር። እትዬ ወርቄ "ይሉኝታው ከአበሻ ይብሳል" ትል ነበር።

ችግሩ አሳማው ነው። ጋሽ ቻላቸው የካንቶን ሰው ነበር፤ የካንቶን ሰው ደግሞ፣ እንደ ነገረን፣ ቅዳሜ ቻሲው ካልበላ ሳምንቱ አላለቀለትም። ቻሲው ማለት በማርና በቅመም ተለውሶ በእሳት ላይ ተሰቅሎ የሚጠበስ የአሳማ ሥጋ ነው። ነገሩ ለእማማ ድንቄ ቀረበ፤ እሳቸውም በረንዳቸው ላይ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ሕጉን ተናገሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ይሠራል። ከሸውሸዌው ሥር እንጂ ከዚያ ወዲህ አይታለፍም። ዕቃው የጋራ ቧንቧ አይነካም፣ በራሱ ባልዲ ይታጠባል። ጾም ሲገባ በርሜሉ ይከደናል። ለልጅ አይሰጥም። ጋሽ ቻላቸው ሁሉንም በሁለት እጁ እንደ ስጦታ ተቀበለ፤ አንድም ቀን አላፈረሰም።

እኛስ? የተከለከልነው መቅመስ እንጂ ማየት አልነበረምና ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው በሙሉ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ጉዳይ ይኖረው ነበር። የደረቀ ልብስ እንደገና ገመድ ላይ ይሰጣል። ጋሽ ሰይድ፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችን፣ "አዑዙ ቢላህ" እያለ ብስክሌቱን እዚያው አጠገብ ይጠግናል። እማማ ድንቄ መስኮታቸውን ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው ይዘጉታል፤ ጥቂት ቆይተው ለአየር ብለው ገርበብ ያደርጉታል።

አሠራሩን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ሥጋውን ለፈረንጆች ከሚሸጥበት ሱቅ በጥቁር ፌስታል አምጥቶ በቁመቱ፣ እንደ ቀበቶ ይሰነጥቀዋል። ከአገሩ በጠርሙስ የሚመጣለት ጥቁር የአኩሪ አተር ሶስ፣ ስኳር፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ እንደ ኮከብ የተሰነጠቀ ስሙን የማናውቀው ቅመም ይገባበታል። በአገሩ የሩዝ ወይን በሚገባበት ቦታ እዚህ አንድ ብርጭቆ ጠጅ ይጨምራል። ቀይ እንዲሆን ደግሞ ቀይ ሥር ፈቅፍቆ ይጨምቅበታል፤ ያኔ እጁ እስከ አንጓው ይቀላና ሰላም ሲለን ወደ ኋላችን እንላለን። ሥጋው ሲያድር ከቄራ በገዛቸው ሜንጦዎች እየወጋ፣ አፉ በተቆረጠው በርሜል ውስጥ፣ ከከሰሉ በላይ ይሰቅለዋል። ከጭሱ ውስጥ ቀያዮቹ ዘንጎች እየተወዛወዙ ሲታዩ፣ ስቡ ሲንጠባጠብ፣ ሸውሸዌው ከላይ ሲያንሾካሹክ፣ እርስ በርስ እጅ እንያያዝ ነበር። የሰው ክንድ ይመስላል ብሎ አንድ ልጅ ተናግሮ ነበርና ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሊመስለን አልቻለም። ጫፍ ጫፉ ሲጠቁር አውጥቶ ማር ውስጥ ይነክረውና መልሶ ይሰቅለዋል። ማሩ በመጨረሻ ነው። ቀድሞ ከገባ ያርራል፣ ይመራል። "ማር መጀመሪያ፣ ሥጋ ሞት!" ይለን ነበር፣ ቀዩን ጣቱን እያወዛወዘ።

የሚያስፈራው ክፍል ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሥጋው ሲደርስ ባዶውን ሜንጦ አንሥቶ የበርሜሉን ጎን ይመታል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ አንድ ሳህን ቆራርጦ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፤ ከጠረጴዛው ፊት በርጩማ፣ ከሳህኑ ጎን ደግሞ አገሩ በማንኪያ ፈንታ የሚበላባቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች። በርጩማው ላይ ማንም አይቀመጥም። እሱ ግን ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይቆማል፤ ታላቅ ሰው ሲመገብ እንደሚቆም አስተናጋጅ። እንፋሎቱ ከሳህኑ ላይ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ስናይ ምን እየሆነ ነው ብለን እትዬ ወርቄን ብንጠይቃት፣ ልብስ እያጠበች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ዝም በሉ፣ እናቱ እየበሉ ነው" አለችን።

እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ቀን ራሱ አስረዳኝ፣ በዚያ ሁሉንም ሰው ወንድ በሚያደርገው አማርኛው። "ሚሚ፣ እናት ይመጣል። እናት ይበላል። ከዚያ እኛ ይበላል። እኛ ሲበላ፣ እናት ይነሣል፣ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ካልበላ…" አለና በርጩማውን አሳየኝ። "እናት ያፍራል። አይነሣም። ቁጭ።" ልክ ነው፤ እንግዳ ባለቤቶቹ ሳይበሉ ብድግ ብሎ አይሄድም፤ እኛም ቤት እንደዚያው ነው። ይህን ሲነግረኝ ካፊያ ነበር። ጠረጴዛው ረጥቧል፣ የእሱ ትከሻ ረጥቧል፤ የበርጩማው ፊት ግን ደረቅ ነበር። ሸውሸዌው ጋርዶት ይሆናል ብዬ ቀና አልኩ። ቅርንጫፉ እስከዚያ አይደርስም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ልጅ ሆነሽ የምታይውን ሁሉ ካወራሽ መጫወቻ ቦታ ይከለከላል።

በአንድ ግንቦት መጨረሻ ጋሽ ቻላቸው ሳል ያዘው፤ ሆስፒታል ገባ፤ አልተመለሰም። ድርጅቱ አስከሬኑን ወደ አገሩ ላከው። እትዬ ወርቄ እስከ ኤርፖርቱ በር ሸኘችው፤ ከዚያ በር ወዲያ የምታልፍበት ወረቀት አልነበራትም፤ በፊርማ የተጋቡ አልነበሩምና። መቃብር የላትም፣ ልጅ አልነበራቸውም። የቀረላት በርሜሉ ነው፤ እሱንም በአፉ ደፍታ ከአጥሩ አስጠጋችው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት፣ ሰማነው። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እናቴ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። ከሸውሸዌው የሚንጠባጠብ ውሃ ነው ተባለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ አልነበረም። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። የግቢው ሰው ወደ ኋላ የሚያስኬደው ጉዳይ በአንድ ጊዜ አለቀ፤ ልብስ ከፊት ለፊት መሰጣት ጀመረ፤ ጋሽ ሰይድ ብስክሌቱን ጋራዥ ወሰደ። በሦስተኛው እትዬ ወርቄ በነጠላዋ ተከናንባ ቤታችን መጣች።

"ሰምተሻል አይደል?" አለቻት እናቴን።

"ውሃ ነው፣ ወርቄ። ውሃ ነው።"

"ውሃ ሦስት ጊዜ ብሎ ያቆማል?"

እናቴ በሩን ዘጋችው።

"ተቀምጧል" አለች እትዬ ወርቄ። "አላበላነውም፣ በልተንም አላሰናበትነውም። ይሉኝታውን ታውቂው የለ? ተነሥ ካላሉት እዚያው ነው የሚቀረው። አርባውን አወጣለታለሁ።"

አብረው ወደ ደብሩ ሄዱ። ካህኑ ደግ ሰው ነበሩ፤ ያልተጠመቀ ሰው እንደማይፈታ ነገሯት፣ በስሙ ግን ድሃ እንድታበላ መከሯት። "የሱን ምግብ ድሃ አይበላውም፣ አባ" አለቻቸው። ምን እንደሆነ ሲገባቸው መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቷቸው፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። ምግቡን መሥራት ለእትዬ ወርቄ ከባድ አልነበረም። ከባዱ መብላቱ ነው። ከሳህኑ በኋላ አንድ ሕያው ሰው መብላት አለበት፤ እሷ ደግሞ አትችልም። ከጋሽ ቻላቸው ጋር ስትገባ እናቷ በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው አስምለዋታል፤ ከሰውየው ጋር ኑሪ፣ ምግቡን ግን አፍሽ ላይ እንዳታደርጊ ብለው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጣቷን እንኳ አልላሰችም። በሕይወት ላለው ባሏ ያላፈረሰችውን መሐላ ለሞተው ብታፈርሰው፣ እዚያ ማዶ ሁለቱም አይቀበሉኝም ብላ ፈራች። ስለዚህ ከግቢው አንድ ሰው፣ አንድ ጉርሻ የሚበላላት አንድ ሰው ያስፈልጋታል። ካልተገኘ ጋሽ ቻላቸው እዚያ በርጩማ ላይ ይቀራል። ይህን ግቢው ሁሉ አውቆታል፣ ማንም አላነሣውም።

አርባው የሰኔ ጾም በተፈታ ሰሞን፣ ቅዳሜ ዋለ። እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ሴቶቹ ለእንግዳው ወጥና ዳቦ አዘጋጁ። ከሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ካፊያ ሲጀምር እትዬ ወርቄ ብቻዋን ወደ ኋላ ሄዳ በርሜሉን አቀናች። ማንም አልተከተላትም። ነገር ግን መስኮቶቹ ሁሉ አንድ በአንድ ገርበብ ሲሉ ሰማሁ። እጇ እስከ አንጓው ቀልቷል። ሥጋውን በሜንጦ ሰቀለች፣ ከሰሉን አራገበች፣ ከዚያ የማሩን ጎድጓዳ አንሥታ የመጀመሪያውን ዘንግ ልትነክር ስትል፣ ከአጠገቤ፣ ከእኛ መስኮት፣ እናቴ ጮኸች።

"ወርቄ! ማሩ በመጨረሻ ነው!"

"ጫፉ ይጥቆር መጀመሪያ!" አለ ሌላ መስኮት።

"ጠጁን ጨምረሻል? ካልጨመርሽ አይቀላም!" አለ ጋሽ ሰይድ።

"ጠጁ አይደለም የሚያቀላው፣ ቀይ ሥሩ ነው!" አለችው ሚስቱ።

አንድም ሰው ያልቀመሰውን ምግብ ሁሉም ሰው መሥራት ያውቃል። እናቴ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰችና የማይታይ አቧራ መጥረግ ጀመረች። እትዬ ወርቄ ጎድጓዳውን አስቀመጠች፤ ከጀርባዋ ነው የማያት፣ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁም።

ሲደርስ ቆራረጠችው፣ ጠረጴዛውን አዘጋጀች፣ በርጩማውን አስጠጋች፣ እንጨቶቹን አኖረች። ሜንጦውን አንሥታ መታች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ቆመ። እንፋሎቱ ከሳህኑ ላይ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ፣ ሰው እንደተነፈሰበት፣ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ከዚያ አለቀ። ካፊያው በጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። በርጩማውን አየሁት። ደረቅ ነው።

ሳህኑን ይዛ ወደ ድንኳኑ ገባች። በአንድ በኩል ጀመረች፤ ለእያንዳንዱ ጎንበስ ትላለች። አንዱ ጨጓራውን አመመው። አንዷ ንስሐ ላይ ናት። አንዱ በስመአብ ብሎ ሳህኑን በዓይኑ እንኳ አላየም፤ ሆኖም ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ሰይድ ዘንድ ስትደርስ፣ ምስኪን፣ ሁለት እጁን ከፍ አደረገና "እኔንማ ተዪኝ ወርቄ፣ እኔ ከሁሉም የባስኩ ነኝ" አላት። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ እሷም ልትስቅ ሞከረች። እናቴ ዘንድ ደረሰች። እናቴ እጇን ዘረጋች፣ እጇ ከሳህኑ ደረሰ፣ ከዚያ ተመለሰ። "አልቻልኩም እህቴ" አለች፣ አለቀሰችም።

ያኔ ከኋላ ተሰማ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሁላችንም ድንኳን ውስጥ ነበርን። ሜንጦው መሬት ላይ ወድቆ ይታያል። ሸውሸዌው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም ብሏል።

"ወዲህ በይው" አሉ እማማ ድንቄ። በጣም ቀስ ብለው ስለተናገሩ ከጎናቸው ያለችው ሴት ብድግ አለች።

"እማማ፣ አሳማ ነው'ኮ!" አለች እናቴ።

"አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲሸተኝ ኖሮ አሳማ መሆኑ ይጠፋኛል?"

"ቁርባንዎስ?"

"እሱን ከነፍስ አባቴ ጋር እንጨርሰዋለን። ይቺ ልጅ እስከ መቼ ሳህን ተሸክማ ትቁም?"

ተነሥተው፣ ነጠላቸውን በደረታቸው አጣፍተው፣ ከድንኳኑ ወጥተው በካፊያው ውስጥ ከባዶው በርጩማ ፊት ለፊት ቆሙ። እትዬ ወርቄ ሳህኑን እንደያዘች ተከተለቻቸው። አማተቡ። "ቻላቸው፣ ልጄ" አሉ፣ "ይኸው እየበላን ነው። በእኛ አትታሰር። እናትህ ይጠብቁሃል፣ ተነሥ።" አንድ ቁራጭ አንሥተው ጎረሱ። ጥርስ የላቸውምና ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የድዳቸው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ዋጡ። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ።

"እንዴት ነው እማማ?" አለ ጋሽ ሰይድ፣ ራሱን መግታት ሳይችል።

"ማሩ በዝቷል" አሉ።

ከዚያ ሸውሸዌው ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ዓይኔ በርጩማው ላይ ስለነበረ አየሁት፤ በደረቁ እንጨት ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች፣ ቀጥላ ሌላ፤ ጥቂት ሳይቆይ ዝናብ ላይ እንደተረሳ ማንኛውም በርጩማ ረጠበ። ድምፁ ከዚያ ቀን በኋላ አልተሰማም። እኔ እፎይ የምትል መስሎኝ እትዬ ወርቄን ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ግን ቀይ እጇን የበርጩማው ፊት ላይ አድርጋ፣ እርጥበቱን እየዳሰሰች፣ "ምናለ ትንሽ ቢቆዩልኝ፣ እማማ" አለች። ልጅ ነበርኩና አልገባኝም። እንዲሄድ አይደል እንዴ የለመነችው?

እትዬ ወርቄ ክረምቱ ሳያልቅ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። በርሜሉ ውስጥ አንድ ሰው አፈር ሞልቶ ጤና አዳም ተከለበት። እናቴ የሰፈሩን መፍረስ አላየችም፤ ቀድማ አረፈች። ሲፈርስ ያየን እኛ፣ ዕቃችንን ጭነን አንዳችን ወደ አንዱ የከተማ ዳር፣ ሌላችን ወደ ሌላው ተበተንን። ጋሽ ሰይድ የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ አላገኘሁም። እማማ ድንቄ የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሰዎች ተሸክመው አወጧቸው፣ ሁለተኛ ተሸክመው ያወረዷቸው ሲሞቱ ነው። አርባቸው ላይ ተገኘሁ። ምግቡ ከምግብ ቤት በካርቶን መጣ፤ ጎረቤቶቹ በጨዋነት በሉ፣ በጨዋነት ሄዱ። እኚህ ሴት አንድ ቀን በካፊያ ውስጥ ቆመው ለማን ብለው ምን እንደበሉ የሚያውቅ ከእኔ በቀር እዚያ አልነበረም። ነገሩን በግጥም ሞክሬው አውቃለሁ፤ ቤት አይመታም።

ባለፈው ቅዳሜ ከዚያ አግዳሚ ወንበር አጠገብ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄድኩ። ዛሬ ሥጋውን ማግኘት እንደዚያን ጊዜ አይከብድም። በቁመቱ፣ እንደ ቀበቶ ሰነጠቅኩት። ሶስ፣ ስኳር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፤ ኮከቧንም አገኘኋት፣ ስሟ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ ማወቁ ግን ምንም አልጨመረልኝም። አንድ ብርጭቆ ጠጅ። ቀይ ሥሩን ስጨምቅ እጄ እስከ አንጓዬ ቀላ፤ መስታወት ውስጥ ሳየው ወደ ኋላዬ አልኩ። በማግስቱ ከሰዓት ምድጃውን ለኮስኩ። በርሜል የለኝም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፣ በአራተኛ ፎቅ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች መካከል። መስኮቱን ከፈትኩት። የፊት ለፊቱ ሕንፃ መስኮቶች ሁሉ ተዘግተዋል።

በየደረጃው ቆም እያልኩ አዳመጥኩ። ማንም አላረመኝም። በመጨረሻ የማሩን ጎድጓዳ አነሣሁ፤ ጫፉ ገና አልጠቆረም፣ ጊዜው እንዳልሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሆን ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ ሥጋውን ወደ ማሩ አስጠጋሁ፤ ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አድርጌ፣ እናቴ እስክትጮህ። ነከርኩት። አልጮኸችም።

አረረ፤ ጠርዙ እንደ ከሰል ሆነ። ቢሆንም ቆራረጥኩት። ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፣ በርጩማ ስለሌለኝ ያለችኝን አንድ ወንበር አስጠጋሁ፣ በማንኪያ የምድጃውን ጎን መታሁ፣ ሦስት ጊዜ። ራቅ ብዬ፣ እጆቼን አጣምሬ ቆምኩ። እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። አለቀ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። አንድ ጉርሻ ይበቃል፤ እማማ ድንቄ በድዳቸው የቻሉትን እኔ አልችልም አልልም። ቁራጩን አነሣሁ፣ ወደ አፌ አስጠጋሁት፣ ሽታው ያው የቅዳሜ ከሰዓት ሽታ ነው። ከዚያ ወንበሩን አየሁት፤ ከዋጥኩ ባዶ ይሆናል፤ እትዬ ወርቄ ያኔ "ምናለ ትንሽ ቢቆዩልኝ" ያለችውም ገባኝ።

ቁራጩን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሥጋው ቀዝቅዟል፣ ማሩ ረግቷል። ይህን ስጽፍ ወንበሩ ከፊቴ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ዝናብ ጀምሯል፤ ነፋሱ ውሃውን እስከ ጠረጴዛው ያመጣዋል፣ ወረቀቱም ረጥቧል። ወንበሩ ደረቅ ነው።

ገና አልበላሁም።